ጣት የሌለው ጓንት

ጓንት የሚሠራው እጅን ከብርድ ለመጠበቅ ነው፤ ከእጅም ቀድሞ የሚበርደው ጣት ነው። ታዲያ አይበሉባንና አንጓን ሸፍኖ ጣቶችን ውጭ የሚተው ጓንት ምን ሊሉት ይቻላል? ሲያዩት ክር ያለቀባት ሴት ከመንገድ ያቆመችው ሥራ ይመስላል። በተለይም ከተራረፈ የሱፍ ክር የተሠራ፣ እዚህ ቀይ፣ እዚያ ሰማያዊ፣ አውራ ጣቱ ዘንድ ደግሞ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ቡኒ የተጣፈበት ከሆነ፣ የእጅ ድሪቶ እንጂ ጓንት ለማለት አፍ ያዝ ያደርጋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው የእጅ ድሪቶ ነው። ታሪኩን ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ግን ገና ከመነሻው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ዕቃው ራሱ አይገኝም። ንጉሥ የለበሰው ካባ በግምጃ ቤት ይቆያል፤ ከትርፍራፊ ክር የተሠራ ጓንት ግን ሲያረጅ ይተረተራል። ክሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ካልሲ ወይም የሕፃን ቆብ ይሆናል፤ ካልሲውም በተራው ይተረተራል። የራሱን ማስረጃ እየበላ የሚኖር ዕቃ ነው። ስለዚህ ታሪኩን የምናገኘው ዙሪያውን በመሄድ ነው፤ ከቆሻሻ መጣያ፣ ከመንግሥት መዝገብ፣ ከተረትና ከመድረክ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

ከቆሻሻ መጣያው እንጀምር። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን፣ በናይል ሰጥሞ ለሞተው ለወዳጁ ለአንቲኖስ መታሰቢያ፣ በ130 ዓ.ም. በግብጽ ምድር የቆረቆራት አንቲኖጶሊስ የምትባል ከተማ ነበረች። በ1913 እና በ1914 ክረምት እንግሊዛዊው ጆን ጆንሰን በከተማይቱ ፍርስራሽ ሲቆፍር፣ ከቆሻሻው ክምር መካከል የአንድ ሕፃን የግራ እግር ካልሲ አገኘ። በ300 ዓ.ም. ግድም የተሠራ፣ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲሄድ አውራ ጣቱ ከአራቱ የተለየ፣ ዙሪያውን በኅብረ ቀለም የተሸነተረ ትንሽ ካልሲ ነው። ዛሬ የሚገኘው ለንደን፣ በብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ነው። የሙዚየሙ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ እያነሡ መርምረውት በ2018 ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ሰባት ዓይነት መልክ ያላቸው ክሮች፣ ከሦስት ዕፀዋት ብቻ በተገኘ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም የተነከሩ ሆነው ተገኙ። ቀሪው መልክ ሁሉ ቀለምን ከቀለም በማደባለቅ የመጣ ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የአሠራሩ ስልት ነው። ካልሲው እንደ ዛሬው ሹራብ በሁለት መርፌ የተሠራ አይደለም፤ በአንድ ዓይና መርፌ የተቋጠረ ነው። በዚህ ስልት አንድ ቀለበት በተሠራ ቁጥር ክሩ እስከ ጫፉ ድረስ በቀለበቱ ውስጥ ማለፍ ስላለበት፣ ሠሪዋ ከትልቅ ልቃቂት ላይ እየሳበች ልትሠራ አትችልም። በክንድ የሚለካ አጭር ክር ትወስዳለች፤ ሲያልቅባት ሌላ ትቀጥላለች። ቁራጭ ክር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይስማማል፤ ሸንተረሩም ያለ ብዙ ድካም ይመጣል። ከዚያው ስልት ሌላም ነገር ይከተላል። እንዲህ ያለ ሥራ በቀላሉ አይተረተርም፤ ጫፉን ይዞ ቢጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። የሕፃኑ ካልሲ ለእኛ የደረሰው፣ ደረቁ የግብጽ አሸዋ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህም ምክንያት ይመስለኛል፤ ፈትቶ መልሶ መሥራት ስላልተቻለ ተጣለ፣ ስለ ተጣለም ቆየ።

የሁለት መርፌው ሹራብ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ከጥንታውያን ናሙናዎቹ መካከልም እዚያው ግብጽ ውስጥ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። እዚህ ላይ ስለ ቃሎቻችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በግብጽ የመንደር አረብኛ ለካልሲ የሚሰጠው ስም ከእኛ «ሹራብ» ጋር ወንድማማች ነው፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከእግር ወደ ደረት ወጥቶ የደረት ልብስ ሆነ። «ካልሲ» እና «ጓንት» ደግሞ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ለሸማ፣ ለኩታ፣ ለድርና ለማግ የራሷ ስም ያላት ቋንቋ፣ ለዚህ ሥራ ስሙን ከየአገሩ አሰባስባ ጣጥፋዋለች።

የሁለት መርፌው ሹራብ ትልቁ ጠባይ ከአንድ ረጅም ክር መሠራቱ ነው፤ ከመጨረሻው ጫፍ ከተሳበ እንዳለ ወደ ክርነቱ ይመለሳል። ለድኻ ይህ በረከት ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ጥፋት ነው። ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የቀረልን ሹራብ የማን እንደ ሆነ ልብ ይበሉ። በስፔን፣ ቡርጎስ አጠገብ ባለው የላስ ኡኤልጋስ ገዳም፣ በ1275 የሞተው ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ ሲቀበር ከራስጌው የተደረገለት የሐር ሹራብ ትራስ ተገኝቷል። ጳጳሳት ለቅዳሴ ያጠልቁት የነበረው የሐር ጓንትም በየሙዚየሙ አለ፤ አምስቱም ጣቶች የተሟሉለት፣ በወርቅ ክር ያጌጠ። ዓሣ አጥማጁና የገበያዋ ሴት በእጃቸው ያጠለቁት ግን የት ደረሰ? ካልሲ ሆነ፤ ካልሲውም አለቀ።

አሁን ወደ ጣቶቹ እንመለስ። ለምን ተተዉ? መልሱ አጭር ነው፤ የሚሠራ እጅ ጣቱን ይፈልጋል። ሳንቲም የምትቆጥር፣ መረብ የሚጠግን፣ የሚጽፍ፣ የምትሰፋ፣ ሁሉም ጣታቸው ባዶ መሆን አለበት። ወደ ጣት የሚሄደው ደም በአንጓ ላይ፣ ከቆዳው ብዙ ሳይርቅ ያልፋልና፣ አንጓው ከሞቀ ጣቱም ትንሽ ይታገሣል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ወይዛዝርትም ከሐርና ከዳንቴል የተሠራ ጣት አልባ ጓንት ያጠልቁ እንደ ነበር አልዘነጋሁም፤ ያ ግን የጌጥ ነገር ነው፣ እንለፈው።

የዚህ ጓንት ተቃራኒ የሚሆነው፣ የአውሮፓ ወይዛዝርት በክረምት ሁለት እጃቸውን ከግራና ከቀኝ የሚከቱበት ከለስላሳ ፀጉር የተሠራ ከረጢት ነው። እጅን ደኅና አድርጎ ያሞቃል፤ እጅ ግን እዚያ ውስጥ ሳለ ምንም ሊሠራ አይችልም። በ1896 በቶሪኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የፑቺኒን «ላ ቦኤም» የሚያውቅ አንባቢ ወዴት እንደምሄድ ሳይገባው አይቀርም። ሚሚ አበባ በመጥለፍ የምትተዳደር ድኻ ናት፤ በመጀመሪያው ገቢር ባለቅኔው ሮዶልፎ እጇን ሲይዘው በረዶ ሆኖ ያገኘዋል። በአራተኛው ገቢር፣ በሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ የምትመኘው ያንን የፀጉር ከረጢት ነው። ሙዜታ ሄዳ ታመጣላታለች፤ ሚሚም እጇን ከታበት ትሞታለች። ተመልካች በዚህ ቦታ ለፍቅሩ ያለቅሳል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከብደኝ ከረጢቱ ነው። ጠላፊ በሕይወት ሳለች ልትጠቀምበት የማትችለው ዕቃ ነው። እጇ እንዲሞቅ መጀመሪያ ሥራውን መተው ነበረበት።

ቢያትሪክስ ፖተር ደግሞ በ1904 ባሳተመችው «የቤንጃሚን ጥንቸል ተረት» የጴጥሮስን እናት መበለት አድርጋ፣ ከጥንቸል ፀጉር ጓንትና የአንጓ ማሞቂያ እየሠራች በመሸጥ ልጆቿን እንድታሳድግ አድርጋለች። ለሕፃናት የተጻፈ ነውና ሰው ሣቅ ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ድኻ ሴት መተዳደሪያ እዚያው ተመዝግቧል።

ተረት ያልሆነውን መዝገብ የሚፈልግ በስኮትላንድ ሰሜን ወዳሉት የሼትላንድ ደሴቶች ይሂድ። የዚያ አገር ሴቶች ነዳጅ የሚሆነውን የደረቀ ረግረግ አፈር በቅርጫት አዝለው ሲሄዱ እንኳ በእጃቸው ሹራብ ይሠሩ ነበር። ለሠሩት ሹራብ ነጋዴው የሚከፍላቸው ብዙውን ጊዜ በገንዘብ ሳይሆን በሻይና በጨርቅ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ይህን የልዋጭ ንግድ የሚመረምር መልእክተኛ ልኮ በ1872 ዘገባው ታተመ፤ በዘገባውም የሴቶቹ ቃል እንዳለ ሰፍሯል። ከነጋዴዎቹ መካከል ሻይን በልዋጭ እየሰጡ፣ ክርን ግን በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ የማይሸጡ ነበሩ። አስቡት፤ ሠሪዋ ያላት ገንዘብ ሹራቧ ነው፣ ሹራቧ ደግሞ ክር አይገዛላትም። እንዲህ ባለ ቤት የተረፈች አንድ ክንድ ክር የምትጣል አትመስለኝም። በኋላ ዓለም ያደነቀው የፌር አይል ጥለት በአንድ ዙር ከሁለት ቀለም በላይ አይጠቀምም፤ የማይታየው ክር በውስጥ በኩል ስለሚያልፍ ሹራቡ ድርብ ይሆናል፣ ይሞቃልም። ቀለሙም በየጥቂቱ ዙር ስለሚለዋወጥ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ በትንሽ ይበቃል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ቀይ መስቀል ለበጎ ፈቃደኞች ካከፋፈላቸው የአሠራር መመሪያዎች አንዱ ለወታደር የሚሆን የአንጓ ማሞቂያ ነበር፤ አውራ ጣት የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ቀላል ሹራብ፣ ጣቶቹ ለሥራ ነጻ የሚሆኑበት። ክሩ ግን አመድማ ወይም ካኪ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። ወታደር ዥንጉርጉር አይለብስም። ቀይና ቢጫው ትርፍራፊ ቤት ቀረ።

በሁለተኛው ጦርነት ግን ቤት የቀረውም ተፈለገ። ሰኔ 1 ቀን 1941 በብሪታንያ ልብስ በኩፖን ሆነ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ተመደበ፣ በኋላም ቁጥሩ እያነሰ ሄደ። አንድ ጥንድ ጓንት ሁለት ኩፖን ይፈልጋል። ሁለት አውንስ የሱፍ ክር፣ ማለትም ሃምሳ ሰባት ግራም ያህል፣ በአንድ ኩፖን ይገዛል፤ ይህም ለአንድ ጥንድ ጣት አልባ ጓንት ይበቃል። የራስን አሮጌ ሹራብ ተርትሮ መሥራት ደግሞ ምንም ኩፖን አይጠይቅም። የንግድ ሚኒስቴር በ1943 ያሳተመው፣ «ባለህ ተጠቀም፣ ጠግን» እንደ ማለት ያለ ርእስ የያዘው ዝነኛ መጽሔት ይህንን ሁሉ ለሕዝብ አስተማረ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ሹራቡ የተገጣጠመበት ስፌት በጥንቃቄ ይፈታል። ቀጥሎ የመጨረሻው ጫፍ ተፈልጎ ይሳባል፤ ክሩ ለዓመታት የያዘውን ቅርጽ ስለማይረሳ ተጠቅልሎና ተሸብሽቦ ይወጣል። በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠመጠምና እንዳይወሳሰብ በሦስት አራት ቦታ ይታሰራል፤ ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ታች በኩል ቀላል ነገር ተንጠልጥሎበት ይሰጣል። ሲደርቅ ሽብሽቡ ይለቃል። ክርኑ ያለቀ ሹራብ ግን ከክርኑ ላይ አንድ ወጥ ክር አይሰጥም፤ የሚወጣው ቁርጥራጭ ነው። ሁለቱን ቁርጥራጭ ለማያያዝ የጥንት ሠሪዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ። የሁለቱም ጫፍ ይበተናል፣ እርስ በርሱ ይደረባል፣ በምራቅ ይርሳል፣ ከዚያ በሁለት መዳፍ መካከል እስኪሞቅ ይታሻል። ሱፍ ሲረጥብና ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዛልና ያለ ቋጠሮ አንድ ክር ይሆናል። በጥጥ ግን ይህ አይሞከርም።

ስለዚያ ዘመን የሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ይህን በፈገግታ ያወሩታል፤ ፖስተሮቹም ሣቂታዎች ናቸው። እኔ ግን ይህ ፈገግታ አይዋጥልኝም። በ1943 ለባለጸጋዋ እመቤት አዲስ ትምህርት የሆነው ነገር፣ ለሠራተኛዋ የእናቷ የእናቷ ሥራ ነበር፤ ማንም መጽሔት አሳትሞ አላመሰገናትም። መንግሥት ድሪቶን ያከበረው እመቤቲቱም ስትለብሰው ነው። የልብስ ኩፖን በመጋቢት 1949 ቀረ፤ መጽሔቱ እስከ ዛሬ በሙዚየም ይታያል፣ እየታተመም ይሸጣል። በመጽሔቱ ትምህርት የተሠራው ጓንት ግን እንደ ልማዱ ተተርትሯል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ትርፍራፊውን ደብቆ ከማስማማት ይልቅ ፊት ለፊት ማውጣት መረጠ። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ዉድስ ቤላሚ በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ ልብስን ከትናንሽ ካሬዎችና ሦስት ማዕዘኖች እየገጣጠሙ መሥራትን በቁጥር ቀምራ አቀረበች። በ1990ዎቹ ጀርመናዊው ሆርስት ሹልትስ፣ ከእርሱም በኋላ ዴንማርካዊቷ ቪቪያን ሆክስብሮ ተመሳሳይ ስልት ለብዙ ሰው አስተማሩ። ካሬው የሚጀመረው በሁለት ጎኑ ርዝመት ልክ በሆኑ ቀለበቶች ነው፤ በየሁለተኛው መሥመር መሐል ላይ ሁለት ቀለበት እየቀነሱ ሲሄዱ ሥራው ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ በመጨረሻ አንድ ቀለበት ሲቀር ካሬ ሆኖ ይገኛል። የሚቀጥለው ካሬ ከዚያው ጠርዝ ላይ ቀለበት በማንሣት ስለሚበቅል መርፌና ስፌት አያስፈልገውም። አንዱ ካሬ ጥቂት ግራም ክር ቢፈጅ ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ቤት የዓመታት ሹራብ የተረፈችው እያንዳንዷ ኳስ የራሷን ካሬ ታገኛለች።

በዚህ ስልት ጓንት ሲሠራ ካሬዎቹ አንጓውን ዞረው ይገናኛሉ፤ ከጎን በኩል ለአውራ ጣት የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ከዚያ የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ሁለት ወደ ፊት ሁለት ወደ ኋላ እየተባለ በሚለጠጥ ዘርፍ ይጨረሳል። አውራ ጣቱ የሚሠራው መጨረሻ ላይ፣ ቅርጫቱ ውስጥ በቀረው ክር ነው፤ እዚያ እስኪደረስ ድረስም ምን ቀለም እንደሚሆን ሠሪዋ ራሷ አታውቅም።