በካሜራው ቀዳዳ የማያየው ዓይን

ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። መዳፎቻችሁን አገናኙና በመሃላቸው ትንሽ ቀዳዳ አብጁ። ሁለቱንም ዓይን ሳትጨፍኑ በዚያ ቀዳዳ ከሩቅ ያለ ነገር እዩ፤ የግድግዳ ሰዓት ወይም የበር እጀታ ሊሆን ይችላል። አሁን የግራውን ዓይን ጨፍኑ። ዕቃው ከቀዳዳው ካልጠፋ መሪው ዓይናችሁ ቀኙ ነው። ከጠፋ ግን የምትመሩት በጨፈናችሁት ነው።

ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል በቀኝ ዓይናቸው ይመራሉ፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ገደማ በግራ። እጅና ዓይን ደግሞ ሁልጊዜ አይስማሙም። ግራኝ ከአሥር ሰው አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቀኝ እጁ እየጻፈ፣ በቀኝ እጁ እየጎረሰ፣ ሲያነጣጥር ግን ግራ ዓይኑን የሚያስቀድም ሰው በየቤቱ አለ። አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ ይህን የዓይን አድልዎ የጻፈው በ1593 ነው (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጉዳዩ ጠመንጃ ወይም ቴሌስኮፕ የያዘ ሰው ካልሆነ በቀር ማንንም አላስጨነቀም። ሚሊዮኖች አንድ ዓይናቸውን ቀዳዳ ላይ እንዲለጥፉ ያደረገው ካሜራ ነው።

ካሜራ ራሱም ቢሆን ይህን ወዲያው አልጠየቀም። የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች በሁለት ዓይን ነበር የሚሠሩት። ሣጥኑ በሦስት እግር ይቆማል፤ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከኋላ ባለው ፈዛዛ መስታወት ላይ የተገለበጠውን ምስል ያስተካክላል። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሠራው በዚህ ዓይነት ካሜራ ዘመን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ምስሉ የሚያርፍበት ሰሌዳ ከገባ በኋላ መስታወቱ ይሸፈናል፤ በካሜራው ማየት አይቻልም። አንሺው ከጨርቁ ይወጣል፣ ከካሜራው ጎን ይቆማል፣ ሰውየውን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከዚያ ያነሳዋል። ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት ሁለቱ ሰዎች ተያይተዋል ማለት ነው። በጀርመን በ1929 የወጣው ሮሊፍሌክስም ሌላ መንገድ ነበረው። ካሜራው ደረት ላይ ይንጠለጠላል፣ አንሺው አንገቱን ደፍቶ ከላይ በሁለት ዓይኑ ያያል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይታየው እንጂ ፊቱ ግን አልተሸፈነም።

ለውጡን ያመጣችው ላይካ ናት። ኦስካር ባርናክ አስም የነበረበት፣ ከባዱን ሣጥን ተሸክሞ ተራራ መውጣት የሰለቸው መሐንዲስ ነበር። ላይትስ ለተባለው የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራል። የእርሱ ትንሽ ካሜራ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ለገበያ ቀረበች፤ ኪስ የምትገባ፣ ወደ ዓይን ብድግ የምትደረግ። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሺ ማለት አንድ ዓይኑን መሣሪያ ላይ የተከለ ሰው ሆነ። (የማይክሮስኮፕ ነገር ከተነሳ፦ ባለ አንድ ቱቦ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ተማሪ ሌላውን ዓይኑን እንዳይጨፍን ይመከራል፤ መጨፈኑ ያደክማልና። ይህ ምክር ለካሜራ ሰዎች በቅጡ አልደረሰም።)

በ1954 የወጣችው ላይካ ኤም 3 የቀኝ ዓይን ካሜራ ለመሆኗ ምንም ክርክር አያሻም። መመልከቻዋ፣ ባለሙያዎቹ ቪውፋይንደር የሚሉት፣ በስተግራ ጥግ ላይ ነው። በቀኝ ዓይኑ የሚያይ ሰው የካሜራዋ አካል ወደ ቀኝ ጉንጩ ይሄድለታል፤ አፍንጫው ነፃ፣ ግራ ዓይኑ ክፍት። በመስኮቷ የሚታየው ከገሃዱ መጠን ብዙም ስለማያንስ ሁለቱን ዓይኖች ከፍቶ መሥራት ይቻላል። መስኮቷ ራሷም ከፎቶው ድንበር ውጭ ያለውን ታሳያለች። ድንበሩ የብርሃን መስመር ሆኖ በመሃል ይታያል፤ ከመስመሩ ውጭ ሊገባ የተቃረበ ሰው፣ መኪና፣ ልጅ አስቀድሞ ይታወቃል። በግራ ዓይኑ የሚያየው ግን ያው ካሜራ ቀኝ ዓይኑን፣ አፍንጫውንና የፊቱን ግማሽ ይዘጋበታል። ከሦስት ገዢ አንዱ ያህል በራሱ ዓይን ሲጠቀም በር ተዘግቶበት ይሠራል ማለት ነው።

በመስታወት የሚሠሩት ኤስኤልአር ካሜራዎች መመልከቻውን መሃል ላይ ስላደረጉት ችግሩ የተቃለለ ይመስላል። አልተቃለለም። በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ፊልሙን ወደ ቀጣዩ ፎቶ የሚያሻግርበት ዘንግ በስተቀኝ ከኋላ በአውራ ጣት የሚሳብ ነበር። ካሜራውን ግራ ዓይኑ ላይ የያዘ ሰው ዘንጉን በሳበ ቁጥር አውራ ጣቱ ቀኝ ዓይኑ ሥር ይገባል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ መሃል ካሜራውን ከፊቱ ያወርዳል። ከድሬስደን የመጣው ኪኔ ኤክዛክታ በ1936 መጫኛውንም ዘንጉንም በግራ አድርጎ ነበር፤ የዓለም ገበያ ግን በቀኙ ረጋ። ዲጂታል ሲመጣ ዘንጉ ቀረ፣ ሌላ ነገር ተተካ። ከኋላ ያለው ስክሪን በንክኪ የሚሠራ ሲሆን የግራ ዓይነኞች አፍንጫ ስክሪኑን እየነካ የትኩረት ነጥቡን ያንቀሳቅስ ጀመር። ፋብሪካዎቹ ከስክሪኑ ግማሹን ለንክኪ መዝጋት የሚያስችል ምርጫ ያስገቡት ከዚህ የተነሳ ነው። ከአንድ ሦስተኛው ደንበኛ አፍንጫ ጋር ለመታረቅ ከዘጠና ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ኤስኤልአር ያመጣው ትልቁ ነገር ግን ጨለማ ነው። አንሺው ሲጫን መስታወቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ መመልከቻው ይጠቁራል። በቀደሙት ሞዴሎች ጨለማው ፊልሙ እስኪጠመጠም ይቆይ ነበር፤ በ1954 የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ ወዲያው የሚመለስ መስታወት ይዞ ከመጣ ወዲህ ወደ ቅጽበት አጠረ። ቢያጥርም አለ። ነገሩ የሚያስገርም ነው፦ በመመልከቻው በትክክል ያየኸው ቅጽበት ያላነሳኸው ነው፤ ያነሳኸውን ደግሞ አላየኸውም። ፎቶው በሚነሳበት ሰዓት በሥራ ላይ ያለው ብቸኛ የሰው ዓይን ቀዳዳው ላይ ያልተለጠፈው ነው፤ ካልተጨፈነ።

አንዳንድ አስተማሪዎች ግራ ዓይነኛውን ተማሪ «ቀኝህን አለማምድ» ይሉታል። ጠመንጃም እንዲሁ ነው። የአብዛኛው ጠመንጃ ቀለህ በስተቀኝ ይወረወራል፤ በግራ የሚተኩስ ወታደር ትኩሱ ቀለህ ወደ ፊቱ ይመጣበታል። የእንግሊዙ ኤስኤ 80 ጭራሽ በግራ ትከሻ እንዳይተኮስበት ሆኖ ነው የተሠራው። የሁለቱ መሣሪያዎች ዝምድና የይስሙላ አይደለም፦ ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1882 የሚበሩ ወፎችን የቀረጸው በሰከንድ 12 ምስል በሚያነሳ፣ ትከሻ ላይ ተደግፎ በሚነጣጠር የፎቶ ጠመንጃ ነበር። እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ ፎቶን «መተኮስ» ይላል። አማርኛችን «ማንሳት» ማለቱ መልካም ነው፤ የወደቀ ነገር እንደሚነሳ።

ተኳሽ አንድ ዓይኑን ቢጨፍን ሥራው ዒላማው ብቻ ስለሆነ ያስኬደዋል። የፎቶ ጋዜጠኛ ግን ሥራው ምስክርነት ነው። አንድሪያስ ፋይኒንገር በ1951 ያነሳው ታዋቂ ፎቶ አለ። ዴኒስ ስቶክ የተባለው ፎቶ አንሺ ላይካውን ወደ ቁም አዙሮ ፊቱ ላይ ይዞ ይታያል፤ በአንዱ ዓይን ቦታ ሌንሱ፣ በሌላው ቦታ መመልከቻው ገብቷል። የሙያው ዓርማ እስኪመስል የተወደደ ምስል ነው። ግን ልብ በሉት፦ በዚያ ፊት ላይ አንድም የሰው ዓይን አይታይም። በየትኛው ዓይን ነው ማየት ያለብን የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በቀኝም በግራም ድንቅ ፎቶ ይነሳል። ጥያቄው የቀረው ዓይን ምን ይሠራል ነው። ከፍሬሙ ውጭ ያለውን ለሰውየው የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው፤ የሚመጣውን መኪናም፣ የሚወረወረውን ድንጋይም፣ ፎቶው ውስጥ ያልገባውን እውነትም።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የከበደው የዜና ቪዲዮ ካሜራ በትከሻ ላይ ሲወጣ ነው። ካሜራው ቀኝ ትከሻ ላይ ይቀመጣል፣ መመልከቻው በግራ ጎኑ ወጥቶ ቀኝ ዓይን ላይ ይገጥማል። ግራ ዓይን ፊት ለፊትንና ግራን ሊቃኝ ይችላል። በስተቀኝ ያለው ዓለም ግን ከካሜራው ጀርባ ጠፍቷል። ካሜራማኑ ብቻውን የማይሄድ የነበረው ከዚህም የተነሳ ነው። ከካሜራው ጋር በገመድ የተያያዘው የድምፅ ባለሙያ ማይክሮፎኑን ብቻ ሳይሆን የካሜራማኑን ጀርባም ይይዝ ነበር፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ይመራው፣ አደጋ ሲመጣ ይስበው ነበር። ሁለተኛ ዓይን ማለት አንዳንዴ ሌላ ሰው ነው።

ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ኮረም የደረሰው እንዲህ ዓይነት ካሜራ ተሸክሞ ነው። ከማይክል ቡርክ ጋር የሠሩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ የዓለምን ልብ ሰበረ፤ ባንድ ኤይድና ላይቭ ኤይድ የተወለዱት ከዚያ ነው። ያ ምስል ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ፍሬም ፍሬም ነው። ዓለም ያየው የተሰነጠቀ መሬትና የጠወለገ ሕፃን ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በፊት አዲስ አበባ ላይ በድምቀት የተከበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዚያ ፍሬም ውስጥ የለም። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነትም በዳር ቀረ። አሌክስ ዴ ዋል አዘጋጅቶት አፍሪካ ዎች በ1991 ያሳተመው ሪፖርት ረሃቡ የዝናብ እጦት ብቻ ሳይሆን በዋናነት የጦርነቱና የጦር ስልቱ ውጤት መሆኑን በዝርዝር ሲያስረዳ፣ ምስሉ በሰው አእምሮ ከታተመ ስድስት ዓመት አልፎታል። ኢትዮጵያ በብዙ አገር እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚያ ፍሬም ነው። ጥፋቱን ካሜራውን በተሸከመው ሰው ላይ መጫን አይገባም። በቀዳዳው የሚያየው ዓይን የታዘዘውን አይቷል። ሌላውን ዓይን መክፈት የነበረበት በየሳሎኑ ተቀምጦ የሚመለከተውና ርዳታውን የሚያዘው ክፍል ነበር።

ዛሬ ስልኩ ጥያቄውን የሻረው ይመስላል። መመልከቻ የለም፤ ክንድ ይዘረጋል፣ ሁለት ዓይን ስክሪን ያያል። እንደ ቦያጂያን ዘመን የሰው ፊት ከካሜራ ጀርባ ወጥቷል። ይሁንና አደባባይ ላይ ግርግር ሲነሳ የሚሆነውን ተመልከቱ፦ ስልክ የያዙት ሁሉ ሁለቱንም ዓይናቸውን አንዲት መስኮት ላይ ተክለዋል። ላይካ አንዱን ዓይን ነበር የወሰደችው።

ሞሐመድ አሚን ወደ ኢትዮጵያ ተመላልሷል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ ነበር። ግራ ክንዱን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። አሚን በሰው ሠራሽ ክንድ ወደ ሥራው ተመለሰና አምስት ዓመት ሠራ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፍሮ ነበር። አውሮፕላኑ ተጠለፈ፣ ነዳጁ አለቀ፣ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ አንዱ አሚን ነው።

አደጋው በቪዲዮ ተቀርጿል። የቀረጹት ለጫጉላ ሽርሽር መጥተው ባሕር ዳርቻው ላይ የነበሩ ደቡብ አፍሪካውያን ጥንዶች ናቸው። ካሜራቸውን ያነሱት ለቱሪስቶች የተዘጋጀ የአውሮፕላን ትርኢት መስሏቸው ነበር።