ለመንገደኛ የሚበራ መብራት

ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ሲያሳልፍ የማይቀር ጥያቄ አለው፦ «እነዚህ ሰዎች መጋረጃ የላቸውም እንዴ?» በታኅሣሥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ወዲያው በየፎቁ መስኮት መብራት ይበራል። ከመብራቱ ኋላ አንዱ እራቱን ሲበላ፣ ልጅ የቤት ሥራውን ሲሠራ፣ አሮጊት መጽሐፍ ሲያነቡ ከመንገድ ይታያል። መጋረጃ ቢኖርም ግራና ቀኝ ተሰብስቦ ለጌጥ የተሰቀለ ነው፤ የሚጎትተው የለም።

እኔ በዚህ ከተማ የምተዳደረው አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ በመንከባከብ ነው። የማታ ተረኛ በሆንኩ ቁጥር ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ «የመስኮቷን መብራት አብሪልኝ» ይሉኛል። ይህን ትእዛዝ ከብዙ አፍ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወገኖቻችን ለጥያቄው የሚሰጡት የተለመደ መልስ፣ ማለትም «ፈረንጅ የሚደብቀው ነገር የለውም» ወይም «ለሰው ዓይን ደንታ የለውም» የሚለው፣ አያጠግበኝም። የተገለጠው መስኮት ረጅም ታሪክ አለው። ድህነት፣ ትምህርት፣ መስታወትና ጦርነት ናቸው የሠሩት። ያንን ታሪክ አረጋውያኑ ከነገሩኝና እኔም አንብቤ ከደረስኩበት አጣምሬ ላስቀምጠው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ የመጣነው ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ጥቂት ከሚቀረው አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ ግን በጁን ቀኑ 18 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝምና በዲሴምበር ወደ 6 ሰዓት ያጥራል። ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው በኪሩና ደግሞ ፀሐይ ለሦስት ሳምንት ያህል ጨርሳ አትወጣም። መጋረጃም ለእኛ የክብር ነገር ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው እንግዶቻቸውን ያነጋግሩ እንደነበር ጽፏል። በአፄ ምኒልክ ግብር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመገቡ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ሲጨርሱ ይገለጣል። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ይጋረዳል። በተራ ሰው ቤትም የሚበላ ሰው ከዓይን ይከለላል፣ ሲመሽ መስኮቱ ይዘጋል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው የሰሜኑን መስኮት አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የሰሜን ሰዎች ግን በብርሃን በኩል የድሃ ድሃ ነበሩ። የስዊድን ገበሬ ቤት ለዘመናት የሚያየው በምድጃው እሳት ነበር። ለእጅ ሥራ ተጨማሪ ብርሃን ካስፈለገ ሙጫ ካለው የጥድ እንጨት ቀጭን ስንጥር ተሰንጥቆ ይለኮሳል። ስንጥሩ ቶሎ ያልቃል፣ ጭሱ ዓይን ይለበልባል፣ ፍንጣሪው ቤት ያቃጥላል። ሻማ የሚሠራው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ከብት ሲታረድ ከሚገኘው ሞራ ነው። ክሩ በቀለጠ ሞራ ይነከራል፣ ወጥቶ ይደርቃል፣ እንደገና ይነከራል፤ እንዲህ እያለ ይወፍራል። ያው ሞራ ግን ምግብም ነው። ስለዚህ ሻማ ማብራት ከድስቱ መቀነስ ነበር። ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ትልቁ ሻማ የሚወጣው ለገና ነው።

ከዳላርና ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ስለ አያታቸው ያጫውቱኛል። አያትየው መሸት ሲል መብራት አያስለኩሱም ነበር። ሥራው ይቆማል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በድንግዝግዙ ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ተረት ይነገራል፣ የሞቱት ይታወሳሉ፣ ዝምድና ይቆጠራል። ሰው የራሱን እጅ ማየት ሲያቅተው ብቻ መብራቱ ይለኮሳል። ይህ በስዊድንም በዴንማርክም ገጠር የታወቀ ልማድ ነበር። ብርሃን ለመቆጠብ የተጀመረው መቀመጥ ኋላ የቤተሰቡ የፍቅር ሰዓት ሆነ። አዛውንቱ እስከ ዛሬ ትልቁን የጣሪያ አምፑል አይወዱም። «ብርሃኑ ሲበዛ ወሬው ያንሳል» ይላሉ።

ሻማ ከበዓል ቀን ወደ ዘወትር የወረደው በፋብሪካ ነው። የ«አፍቶንብላዴት» ጋዜጣ መሥራች ላርስ ዮሃን ሂየርታ በ1839 በስቶክሆልም የሊልየሆልመንን የስቴሪን ሻማ ፋብሪካ አቋቋመ። የስቴሪን ሻማ እንደ ሞራ ሻማ አይገማም፣ በቀላሉ አይቀልጥም፣ ብዙም አይጨስም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ነጭ ጋዝ ገባ። ፋኖስ በየጎጆው ተሰቀለና ቤተሰቡ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ኤሌክትሪክ ቀጠለ፤ ሄርኖሳንድ የምትባለው ትንሽ የወደብ ከተማ በ1885 ጎዳናዋን በኤሌክትሪክ አብርታ በአውሮፓ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ሆነች። ለገጠሩ ግን ትልቁ ገፊ ችግር ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነጭ ጋዝ ከውጭ መምጣቱ ሲቋረጥ ገበሬው ጨለማ ወረሰው። መፍትሔው በአገሩ ፏፏቴ ነበርና የኮረንቲ ሽቦ ወደየመንደሩ መዘርጋቱ ተፋጠነ።

መጋረጃው ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ሰሜኖቹ ሁልጊዜ ገላጭ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የከተማ ባለጸጋ ሳሎን በከባድ መጋረጃ የታፈነ ነበር፤ ከፋይ በዳንቴል ላይ ይደረባል፣ ጥቁር እንጨት ግድግዳውን ይሞላል። በዚህ ላይ የተነሱት የታወቁ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው ካርል ላርሶንና ሚስቱ ካሪን በዳላርና ሱንድቦርን ያለውን ቤታቸውን በነጭና በደማቅ ቀለም፣ ካሪን ራሷ በሸመነችው ጨርቅ አስጌጡት። የቤቱ ሥዕሎች በ1899 መጽሐፍ ሆነው ወጡ፤ አገር ሁሉ አያቸው። በዚያው ዓመት ጸሐፊዋ ኤለን ኬይ ውበት የሀብታም ብቻ መሆን እንደሌለበት፣ ድሃም ቀላልና ብሩህ ቤት እንደሚገባው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች። ይህ ሐሳብ በ1930 በስቶክሆልም ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሕንፃ ሆኖ ታየ። ዋናው አርክቴክት ጉናር አስፕሉንድ ነበር፤ የታየው ሰፊ መስኮት፣ አየርና ብርሃን ያለው ቤት ነው። ከዚያ በኋላ በተሠሩት የሠራተኛ ሰፈሮች መስኮት መጋረድ ያረጀ ዘመን ጠባይ መሰለ።

የሚረሳ ሌላ ምክንያትም አለ፤ መስታወቱ። ነፋስ በሚያስገባ ቤት ውስጥ ወፍራም መጋረጃ ሲመሽ የሚጎተተው ከዓይን ይልቅ ከብርድ ለመከለል ነው። በስዊድን ግን ድርብ መስታወት ከጥንት የታወቀ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ሦስት መስታወት የተለመደ ሆነ። ማሞቂያውም መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ብርዱን መስታወቱ ስለያዘው መጋረጃው ሥራ ፈታ። ባዶ የቀረው የመስኮት መደርደሪያም የአበባና የትንሽ መብራት ቦታ ሆነ።

በዚያ መደርደሪያ ላይ ከገና አራት እሑዶች በፊት ሁለት ነገሮች ብቅ ይላሉ። አንዱ ከወረቀት ወይም ከገለባ የተሠራ ኮከብ ነው፤ ሥሩ በጀርመን የሞራቪያ ወንድሞች ማኅበር ትምህርት ቤቶች ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለተኛው እንደ ተራራ ወደ መካከሉ ከፍ የሚል፣ ሰባት አምፑል ያለው መቅረዝ ነው። ብዙ ሰው ጥንታዊ ይመስለዋል። የተወለደው ግን በ1934 በዮተቦሪ ከተማ ነው። ኦስካር አንደርሶን የሚባል የፊሊፕስ ሠራተኛ ተመላሽ ሆነው የተጣሉ የገና ዛፍ አምፑሎችን አይቶ በእንጨት መቅረዝ ላይ ሰካቸውና ለቤቱ አበራ። ጓደኞቹ ወደዱት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካው እያመረተ ሸጠው። ዛሬ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያና በእኔ አረጋውያን መስኮት ሁሉ ይበራል። እስከ ጃንዋሪ 13 ቆይቶ ይነሣል። ሻማ በራሷ ላይ ያደረገች ልጃገረድ እየዘመረች የምትመራው የሉሲያ በዓል ሰልፍም አሁን ባለበት መልክ በመላ አገሪቱ የተስፋፋው በ1927 «ስቶክሆልምስ ዳግብላድ» የተባለ ጋዜጣ የሉሲያ ምርጫ ካዘጋጀ በኋላ ነው። የዛሬው የስዊድን የጨለማ ወራት መልክ ከተራ ሠራተኛ መጋዘንና ከጋዜጣ ቤት ወጥቷል ማለት እንችላለን።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ መጋረጃም ሕግ ሆነ። ጀርመን በአፕሪል 1940 ዴንማርክንና ኖርዌይን ስትወር ሁለቱም አገሮች ከመስኮታቸው አንዲት ጭላንጭል እንዳትወጣ ታዘዙ። መስኮት ሁሉ በጥቁር ወረቀትና ጨርቅ ተሸፈነ። በኮፐንሃገን ውስጥ ያለው የቲቮሊ መናፈሻ በምሽት እንዳይዘጋ፣ በመብራት ጥበቡ የታወቀው ፖል ሄኒንግሰን ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ የሚጥል፣ ከአውሮፕላን የማይታይ መብራት ሠራለት። ይኸው ሰው ከ1920ዎቹ ጀምሮ አምፑሉ ዓይን እንዳይወጋ በተደራረቡ ክዳኖች የሚያለዝብ መብራት ይነድፍ ነበር። በነጭ ጋዝ ፋኖስ ብርሃን ያደገ ሰው ስለነበር ለስላሳውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪኩ ዘመን ማሻገር ፈለገ። ስዊድን ገለልተኛ ብትሆንም እሷም በ1940 ለተወሰነ ጊዜ መብራቷን ሸፍና ነበር።

ኮፐንሃገን ተወልደው ስዊድናዊ አግብተው እዚህ የቀሩ አንዲት እናት አሉኝ። በየዓመቱ ሜይ 4 ቀን ማታ ሻማ አምጪልኝ ይሉኛል። በ1945 በዚያ ምሽት ቢቢሲ በዴንማርክ ቋንቋ ዜና ሲያነብ የጀርመን ጦር እጁን መስጠቱን ተናገረ። «አባቴ ጥቁሩን ወረቀት ቀዶ ጣለው፤ እናቴ ያላትን ሻማ ሁሉ መስኮት ላይ ደረደረች» አሉኝ። «እኔ ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ መንገዱ በሌሊት ሲበራ አይቼ አላውቅም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሻማ አብርቶ ሳይ ከተማው የት ድረስ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባኝ።» ዴንማርኮች እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ማታ በመስኮታቸው ሻማ ያበራሉ። ፊንላንዶችም የነፃነት ቀናቸውን ዲሴምበር 6 ማታ በየመስኮቱ ሁለት ሁለት ሻማ አብርተው ያከብራሉ። በእነዚህ አገሮች የተገለጠ መስኮት ሰላም ነው፤ የተጋረደ መስኮት ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ገና በሕይወት አለ።

በሥራዬ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በመስኮት መብራት ይነጋገራሉ። የአንዷ መብራት በሰዓቱ ካልበራ ከፊት ለፊት ሕንፃ ያለችው ስልክ ትደውላለች። ለመሆኑ ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? እናቴ ቤት ኩራዝ ሲለኮስ የተቀመጠው ሁሉ «እንደምን አመሻችሁ» ይባባል ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረው የዋሉ ሰዎች ብርሃን ስለመጣ ብቻ እንደገና ሰላም ይባባላሉ። እኛ ብርሃን ሲመጣ ሰላምታውን የምንሰጠው ቤት ውስጥ ላለው ነው። እነሱ በመስታወቱ በኩል ለሚያልፈው ይሰጡታል።

በሁስቢና በተንስታ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የስቶክሆልም ሰፈሮች፣ ከዱባይ ወይም ከመርካቶ የመጣው ወፍራም መጋረጃ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ተዘግቶ ይከርማል። የመኝታ ቤቱን ዝጉ፤ የማዕዱን ክብር ጠብቁ፤ ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ ማንም አይነካውም። አንድ መስኮት ግን ለመንገዱ ተዉለት። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚመለሱት በጨለማ ነው። አሮጊት ጎረቤታችንም ከፎቋ ሆና የምታየው የእኛን መስኮት ነው። ሰሜኖቹ ሞራ ከድስቱ ቀንሰው፣ ከጦርነት ጨለማ ወጥተው ያገኙትን ልማድ ለመውሰድ የምንጠየቀው ክፍያ የአንዲት ትንሽ አምፑል ኮረንቲ ብቻ ነው። ጎረቤት ለመባል ከዚህ የቀለለ መንገድ በዚህ አገር አላየሁም።