የጋሞ ሸማና የሙሽሮች ጌጥ

በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳርቻ እንዲሁም ከበላያቸው በሚነሣው የጉጌ ተራራ ሰንሰለት የሚኖረው የጋሞ ሕዝብ ለሙሽሮቹ ሲያዘጋጅ የኖረው ጌጥ በዋናነት ከጥጥ፣ ከቅቤና ከቀርከሃ የሚወጣ የእጅ ሥራ ነው። ከሦስቱ ጥጡ ብቻ በደጋው አይገኝም፤ ተክሉ ሙቀት ስለሚፈልግ በአርባ ምንጭ አካባቢ ባለው ቆላ ይመረታል፤ ታዋቂዎቹ ሸማኔዎች ግን ከከተማይቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው በጨንቻና በዶርዜ ይኖራሉ። ስለዚህ የደጋው ሙሽራ ነጠላ ገና ጥጥ ሳለ ዳገቱን የወጣ ልብስ ነው።

ሥራው በፆታ የተከፈለ ነበር። ሴቶች ከፍሬው የተለየውን ጥጥ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ካደረጉት በኋላ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሽመናው ደግሞ የወንዶች ድርሻ ነው። ሸማኔው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እየተጫነ ድሩን (በቁመት የተወጠረውን ክር) ይከፍታል፤ በተከፈተው መካከልም መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ማጉን (በአግድም የሚገባውን ክር) ያስገባል። የሸማው ስፋት ክንዱ ከሚደርስበት ስለማያልፍ ነጠላም ሆነ ጋቢ የሚሠራው እየተሸመነ፣ እየተጣጠፈና እየተሰፋ ነው። ጊዜ የሚበላው ግን ጥለቱ፣ ማለትም በጠርዙ የሚገባው ባለ ቀለም ጌጥ ነው፤ ሸማኔው ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ ሳይኖረው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ፣ ቀለሙን በየመስመሩ እየሰካ ያወጣዋል። በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የሚሠራው ዱንጉዛ የሚባለው ልብስም ቀድሞ የተከበሩ ሰዎች ልብስ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ በሠርግና በበዓል ማንም ይለብሰዋል።

ቅቤው ደግሞ በራስ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ነበር፤ ትርጉሙም ከማዕረግ ጋር የተያያዘ ነበር። የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ ዲና ፍሪማን በጋሞ ደጋ ስለሚገኘው ዶኮ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚታየው፣ ሶፌ የሚባለው በገበያ አደባባይ የሚፈጸም የመታያ ሥርዓት አዲስ ያገባችን ሴትና አዲስ የተሾመን ሃላቃ፣ ማለትም ለማኅበረሰቡ የሚደግስና ሥርዓት የሚፈጽም ባለ ማዕረግን፣ በአንድ ዓይነት ያስተናግድ ነበር። ጋብቻም እንደ ሹመት የማዕረግ ለውጥ ሆኖ በሕዝብ ፊት ይጸና ነበርና፣ የሙሽራዋ ጌጥ ከውበቷ ይልቅ አዲሱን ደረጃዋን የሚያውጅ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የቀርከሃው ሥራ ደግሞ ሙሽሮቹ የሚኖሩበት ቤት ነው። የዶርዜ ቤት እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚቆም፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስል ሲሆን፣ ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ እያጠረ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለግላል።

ጋሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የሸማው ታሪክ አቅጣጫውን ለወጠ። የመኳንንቱና የወታደሩ ሸማ ፍላጎት ሸማኔውን ወደ አዲስ አበባ ሳበው፤ በእንጦጦ ግርጌም ሺሮ ሜዳ የሽመና ሰፈርና ገበያ ሆነ። የፋብሪካ ክር ከመጣ ወዲህ ድሩ ከፋብሪካ ክር፣ ማጉ ከእጅ ፈትል መሆኑ ተለመደ፤ ይህም ሥራውን ሲያፋጥነው የፈታይዋን ሴት ድርሻ ቀነሰው። በጋሞ ሽመና ገበሬው ከእርሻው ጎን የሚይዘው ሥራ ስለነበር እንደ ሸክላ ሠሪነትና እንደ ቆዳ ፋቂነት አያስንቅም፤ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ግን ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። የሰደበው ኅብረተሰብ ሙሽሮቹን የሚድረው በዚሁ ሰው የእጅ ሥራ መሆኑ ከታሪኩ አሳፋሪ ገጾች አንዱ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር «የሐበሻ ልብስ» በሚል ስም በሠርግ የሚለበሰው ባለ ጥለት ቀሚስ ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎችና በልጆቻቸው እጅ በብዛት የሚሠራ ነው። ሆኖም ቀሚሱ ሲደነቅ የሚጠራው የንድፍ አውጪውና የሱቁ ስም ነው፤ የሸማኔው አይጠራም። ጥለቱን በማተሚያ አስመስሎ የሚወጣው የፋብሪካ ጨርቅ ደግሞ ዋጋውን ጭምር ይሻማዋል። ስለ ኢትዮጵያ የሠርግ ልብስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሺሮ ሜዳ ሱቆች ቢጀምር የታሪኩን ግማሽ ይስታል፤ መነሻው ጨንቻ ሊሆን ይገባል።