ኮታውና ገበሬው

ውድ አንባቢ፣ መንግሥት የሚያውጀውና ሕዝብ የሚኖርበት ሲለያዩ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ቡራዩ ተቀምጦ በአምቦ መንገድ እህል ጭኖ የሚያልፈውን መኪና ለሚያይ ሰው ጥያቄው የሩቅ አይደለም።

ደርግ በታኅሣሥ 1967 ሶሻሊዝምን አወጀ። በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ጭሰኛው ከባለርስቱ ቀንበር ተላቀቀ። ይህ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። ገበሬው የኮታ እህሉን በተቆረጠለት ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ነጋዴውም በየኬላው ተያዘ። በስሙ አብዮት የተካሄደለት ሰው የላቡን ዋጋ ተነፈገ።

ቻይናም በማኦ ዘመን ገበሬዋን በኮሙን ሰብስባ ነበር። ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በደረሰው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። ከ1978 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ግን፣ በዴንግ ሲያዎፒንግ ዘመን፣ መሬቱ በውል ለየቤተሰቡ ተሰጠ። ገበሬው ኮታውን አስገብቶ ትርፉን ገበያ አወጣ፤ ምርትም አደገ። ፓርቲው ስሙንም ሥልጣኑንም እንደያዘ አሠራሩን ለወጠ።

በእኛ አገር ኮታ የቀረው መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ባወጁበት በየካቲት 1982 ነው። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ዓመት ከሦስት ወር እንኳ አልቆየም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ እንደሚወቀስ ሁሉ የገበሬውን ድካም አሳንሶ የሚመዝን አዋጅም ይወቀሳል። ከስሕተት መመለስ መልካም ነው፤ መዘግየቱን ግን በረሃብና በድህነት የሚከፍለው አዋጁን ያወጣው ሳይሆን አራሹ ነው።