የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና፦ ከኩፓት ሆሊም ፈቃድ እስከ ማገገሚያ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊሞች፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከማካቢ፣ ከመዑሔዴት ወይም ከሌዑሚት በአንዱ እንዲመዘገብና በሕጉ የተዘረዘሩትን አገልግሎቶች እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ይህ የአገልግሎቶች ዝርዝር የጤና ቅርጫት (ሳል ሃብሪኡት) ይባላል። ለከፍተኛ ውፍረት የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም የሕክምና መስፈርቱን ለሚያሟሉ ታካሚዎች በዚሁ ቅርጫት ውስጥ ተካቷል። በመሆኑም ጥያቄውን የሚያቀርብ ሰው በሕግ የተሰጠውን መብት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ መብቱ የሚረጋገጠው በማስረጃ ስለሆነ የጎደለ አንድ ወረቀት ጉዳዩን ለወራት ሊያጓትተው ይችላል።

መስፈርቱ

መነሻው ቢ.ኤም.አይ. በመባል የሚታወቀው የሰውነት ክብደት መለኪያ ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ይካፈላል፤ የተገኘው ውጤት ደግሞ እንደገና ለቁመቱ ይካፈላል። መለኪያው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ አዋቂ፣ ወይም 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምናው ሊታሰብ ይችላል። ከእነዚህ ሕመሞች መካከል ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ እና በጉበት ላይ የሚከማች ስብ ይገኙባቸዋል። የስኳር በሽታው በመድኃኒት ሊስተካከል ያልቻለ ሰው መለኪያው ከ30 እስከ 35 ቢሆንም ጉዳዩ በልዩ ሁኔታ ሊታይለት ይችላል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የተለየ አሠራር አለ።

ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 102 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት መለኪያዋ 39.8 ነው። ቁጥሩ ከ40 በጥቂቱ ስላነሰ ብቻ ጥያቄዋ ውድቅ አይሆንም። በሕክምና ፋይሏ ላይ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ተመዝግቦ ከተገኘ መስፈርቱን ታሟላለች። ሕመሙ እያለ ሳይመዘገብ ከቀረ ግን ጉዳዩን የሚመረምሩት ባለሙያዎች ሊያውቁት አይችሉም። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፋና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው የእንቅልፍ ምርመራ እንዲታዘዝለት የቤተሰብ ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የምርመራው ውጤት ፋይሉን የሚያሟላ ማስረጃ ሊሆን ይችላልና። ከኢትዮጵያ የመጡ ዜጎች ደግሞ የስኳር ምርመራን ችላ ማለት የለባቸውም። በእስራኤል የተካሄዱ ጥናቶች በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ የስኳር በሽታ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ዕድሜና ባነሰ ክብደት ሊጀምር እንደሚችል አመልክተዋል።

የፋይሉ ዝግጅት

ሂደቱ የሚጀምረው በቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ የሕመሞቹን ዝርዝር፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶችና ቀደም ሲል ክብደት ለመቀነስ የተደረጉትን ጥረቶች አጠቃልሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ የመላኪያ ደብዳቤም (ሃፍናያ) ይሰጣል። ታካሚው ከአመጋገብ ባለሙያ (ዲየታኒት) ጋር ያደረጋቸው ግንኙነቶች በቀናቸው ተመዝግበው መገኘታቸው ጠቃሚ ነው። በቃል የሚነገር የዓመታት ጥረት ብዙ ክብደት አይሰጠውም።

ቀጥሎ የደም ምርመራ፣ የልብ ምርመራ፣ የሆድ አልትራሳውንድ እንዲሁም በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን ካሜራ የሚደረግ የጨጓራ ምርመራ (ጋስትሮስኮፒያ) ሊታዘዙ ይችላሉ። ሄሊኮባክተር ፒሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ከተገኘ አስቀድሞ መታከም አለበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዲያቆም ይጠየቃል።

ውሳኔው የሚሰጠው የልዩ ልዩ ሙያ ባለቤቶች በሚገኙበት ኮሚቴ ነው። በኮሚቴው የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የውስጥ ደዌ ወይም የሆርሞን ሐኪም፣ የአመጋገብ ባለሙያ እንዲሁም የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሊሳተፉ ይችላሉ። ባለሙያዎቹ ታካሚው ምን እንደሚበላ፣ ለምን እንደሚበላ፣ መጠጥ ይጠጣ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ጭንቀት ወይም የመንፈስ ሕመም ደርሶበት እንደሆነ ይጠይቃሉ። በዚህ ቦታ ላይ አንድ የባህል ልዩነት ብዙ ጊዜ ችግር ይፈጥራል። ጨዋነትን የተማረ ሰው ለሐኪም ጥያቄ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለስን፣ ያልገባውንም ነገር ለአክብሮት ሲል «እሺ» ብሎ ማለፍን ለምዷል። የኮሚቴው አባላት ግን የመጀመሪያውን መልስ ሕመም እንደሌለ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ማብራሪያው እንደገባ አድርገው ሊመዘግቡት ይችላሉ። የጉልበት ሕመም ደረጃ ለመውጣት ወይም ልጅ ለማቀፍ የሚከለክል ከሆነ እንዲሁ በግልጽ መነገር አለበት።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዝዟል። ስለዚህ ታካሚው ቀጠሮ ሲይዝ የአማርኛ አስተርጓሚ በአካል ወይም በስልክ እንዲዘጋጅለት መጠየቅ ይችላል። ልጅን ወይም የልጅ ልጅን ለዚህ ሥራ ይዞ መሄድ አይመከርም። እናት በልጇ ፊት ስለ ኀዘኗም ሆነ ስለ ወር አበባዋ በነጻነት አትናገርም፤ ልጁም ከባዱን ቃል አለዝቦ ሊያስተላልፈው ይችላል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለስምምነት ፊርማው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ታካሚው በሚገባው መንገድ ማብራሪያ ሳያገኝና ሳይስማማ ሕክምና እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ሻርቩል በሚባለው ዘዴ አብዛኛው የጨጓራ ክፍል ተቆርጦ ስለሚወጣ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ አይቻልም። ማዕካፍ በሚባለው ደግሞ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ተሠርቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። ጠንካራ የቃር ሕመም ያለበት ሰው የትኛው ዘዴ እንደሚሻለው ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት።

ቶፌስ 17

የኮሚቴው ይሁንታ ብቻውን በቂ አይደለም። ኩፓት ሆሊሙ ወጪውን ለሆስፒታሉ እንደሚከፍል የሚያረጋግጥበት የግዴታ ሰነድ (ሂትሃይቩት) ያስፈልጋል፤ ይህም ቶፌስ 17 በሚል ስም ይታወቃል። በሰነዱ ላይ የሆስፒታሉ ስም፣ የተፈቀደው አገልግሎትና የሚያገለግልበት ቀን ይጻፋል። ታካሚው ሦስቱንም ከቀጠሮው ጋር ማመሳከር አለበት፤ ቀኑ ያለፈበት ወይም ለሌላ ሆስፒታል የተጻፈ ቅጽ በመመዝገቢያው ላይ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በሆስፒታሉ ክሊኒክ ለሚደረጉ ጉብኝቶችም የተለየ ቅጽ ሊያስፈልግ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሆስፒታሉ የሚመረጠው ኩፓት ሆሊሙ ስምምነት ካለው ተቋማት መካከል ነው።

ተጨማሪ መድን (ቢቱአሕ ማሽሊም) ያለው ሰው ሐኪሙን መርጦ በግል ሆስፒታል ለመታከም መብት ሊኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ስላለ መጠኑን በጽሑፍ ሳያውቅ ቀን መያዝ የለበትም። በመንግሥት ቅርጫት ሊያገኘው የሚችለውን አገልግሎት ወረፋው ረዘመ በሚል ብቻ በብድር የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሌሎች ሆስፒታሎች ቶሎ ቀጠሮ ይሰጡ እንደሆነ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ፈቃድ ሲከለከል

በስልክ ወይም በመስኮት በኩል «አይቻልም» የሚል መልስ የተሰጠው ሰው ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል። ምክንያቱ የጎደለ ምርመራ ከሆነ ምርመራውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይበቃል። የሕክምና ውሳኔው ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ደግሞ የታካሚ መብት ሕግ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅና የፋይሉን ቅጂ የመውሰድ መብት ይሰጣል። የኮሚቴው እምቢታ አንዳንድ ጊዜ ታካሚውን ከአደጋ ለመጠበቅ የሚሰጥ ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ከአቤቱታው መቅደም አለበት።

ክርክሩ ከኩፓት ሆሊሙ ጋር ከሆነ በመጀመሪያ ለኩፓት ሆሊሙ የአቤቱታ ክፍል፣ ከዚያም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ላለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ የሕዝብ አቤቱታ ኮሚሽነር ማመልከት ይቻላል። በጽሑፍ የተሰጠው መልስ፣ የኮሚቴው ውሳኔና የሐኪሙ ሪፖርት ከአቤቱታው ጋር ይያያዛሉ። በመጨረሻም ጉዳዩ ለሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት (ቤት ሃዲን ላዓቮዳ) ሊቀርብ ይችላል፤ ከዚህ ሕግ የሚነሱ ክርክሮችን የማየት ሥልጣን የዚሁ ፍርድ ቤት ነው። አጠቃላይ መረጃ ቆል ሃብሪኡት ከተባለው የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር *5400 ይገኛል።

ከሆስፒታል በፊትና በኋላ

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታት ጉበቱ እንዲቀንስ ካሎሪው ያነሰ ወይም ፈሳሽ ምግብ ሊታዘዝ ይችላል። እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መርፌዎችን የሚወስድ ሰው ለሰመመን ሐኪሙ መንገር አለበት፤ መድኃኒቱ ጨጓራው ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ስለሚያደርግ በሰመመን ጊዜ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ታካሚው በአብዛኛው በሆስፒታል የሚቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የደም መርጋትን ለመከላከል በቀዶ ሕክምናው ዕለት ወይም በማግስቱ ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል። አራስ ወይም ሕመምተኛ መኝታውን እንዳይለቅ የሚደረግበት የቤተሰብ እንክብካቤ በዚህ ጊዜ ይጎዳል፤ ጠያቂዎች ታካሚውን ደግፈው ቢያራምዱት የበለጠ ይረዱታል። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእግር ማበጥ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) መሄድ ያስፈልጋል። ውኃ እንኳ የማይቀበል የማያቋርጥ ትውከትም እንዲሁ ነው። ትውከቱ ለቀናት ከቀጠለ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አስከትሎ ነርቭን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀድሞው መጠን መቀጠል የለበትም። ምግቡ በአንድ ጊዜ ስለሚቀንስ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ስለሚችል አዲሱ መጠን ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። እንደ ኢቡፕሮፌንና ቮልታረን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በተለይ ከማዕካፍ በኋላ ቁስለት ስለሚያስከትሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።

በቤት ማዕድ ላይ

ምግቡ ከፈሳሽ ወደ ተፈጨ፣ ከዚያም ወደ ለስላሳ፣ በመጨረሻም ወደ መደበኛ ምግብ በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይሸጋገራል። ትክክለኛውን ጊዜ የሚወስነው የሆስፒታሉ የአመጋገብ ባለሙያ ነው። በአብዛኛው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን እንዲወሰድ ይመከራል። ከቤት ምግብ ውስጥ ቀጭን ሽሮና በደንብ የበሰለ የምስር ወጥ በርበሬና ዘይታቸው ተቀንሶ ለለስላሳው ደረጃ ሊስማሙ ይችላሉ። እንጀራና ዳቦ ግን ሆድን ቶሎ ሞልተው ለፕሮቲኑ ቦታ ስለሚያሳጡ፣ ሊጥ የበዛበት ዳቦም መውረጃው ላይ ሊያዝ ስለሚችል፣ መቼና በምን መጠን እንደሚጀመሩ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ተለይቶ በትንሽ በትንሹ ይወሰዳል።

በጋራ ትሪ መመገብ የተለመደ በሆነበት ቤት የተበላውን መጠን ማወቅ ያስቸግራል። ለታካሚው በትንሽ ሳህን ለብቻው ማቅረብ መለየት ተደርጎ እንዳይታይ ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢነጋገርበት መልካም ነው። በፍቅር የቀረበ ጉርሻ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትውከትና ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስኳር የበዛበት ቡና በተለይ ማዕካፍ ለተደረገለት ሰው ላብ፣ ማዞርና የልብ ትርታ ሊያመጣበት ይችላል። አልኮልም ከቀድሞው ፈጥኖና በርትቶ ይሰማል።

የዮም ኪፑርንና የቲሽዓ ብአቭን ጾም፣ እንዲሁም የስግድን ጾም የሚጾም ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። አነስተኛው ጨጓራ የጎደለውን ውኃ በአንድ ጊዜ መተካት ስለማይችል የሰውነት ድርቀት ቶሎ ይደርሳል።

የሕመም ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ተቀጣሪ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ተኩል የሕመም ቀን ይጠራቀምለታል፤ ጣሪያው 90 ቀን ነው። ለመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለም፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። የሥራ ውል ወይም የጋራ ስምምነት ከዚህ የተሻለ ሊፈቅድ ይችላል። ታካሚው የቀሩትን ቀናት ከደመወዝ ወረቀቱ (ትሉሽ) ላይ አይቶ ቀኑን ቢይዝ ያለ ገቢ ከመቅረት ይድናል። በጽዳት፣ በግንባታ ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ የተሰማራ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሳት ስለማይፈቀድለት ገደቡ ለአሠሪው በሚቀርበው የሐኪም ወረቀት ላይ እንዲጻፍለት መጠየቅ አለበት።

ቀጣይ ክትትል

የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሎች፣ በተለይም ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ክብደቱ ከቀነሰ በኋላም በሐኪም ትእዛዝ ዕድሜ ልክ ይቀጥላሉ። ኩፓት ሆሊሙ ከዋጋቸው የቱን ያህል እንደሚሸፍን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ወጪው በየወሩ የሚመጣ ነውና። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ይደረጋል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወራት እንድትቆይ ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ሊጨምር፣ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያም ከማዕካፍ በኋላ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል የመከላከያውን ዓይነት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከማህፀን ሐኪም ጋር መወሰን ያስፈልጋል።