የኤሌክትሪክ ብስክሌት

ፔዳል ያለው፣ በባትሪና በሞተር የሚታገዝ ባለሁለት ጎማ። «የሚታገዝ» የሚለው ይሰመርበት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከሞተር ሳይክል ተለይቶ ብስክሌት የሚባለው የሞተሩ ጉልበት ከ250 ዋት ሳይበልጥ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ ሲያግዝ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ያቋርጣል፣ የቀረው የነጂው ጉልበት ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፈጣኑ ዓይነት በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር ይታገዛል። እጀታው ሲጠመዘዝ ብቻውን የሚፈተለክ፣ ፔዳሉ ለጌጥ የተንጠለጠለበት ግን፣ ሻጩ ምንም ይበለው፣ ለእኔ ሞተር ሳይክል ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሐዋሳ ከተማ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ከድሮም ይስማማታል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን እንደ ባጃጅ አይጮህም፤ ሲመጣ አይሰማም። ስለዚህ በሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ሰፈር በኩል የምታልፉ ነጂዎች፣ ሕፃናት መንገድ ላይ ይሯሯጣሉና ፍጥነት ቀንሱ፤ ደወልም ምቱ።