ካንሰሩና ልቡ

የፕሮስቴት ካንሰር ታሪክ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የድሉ ወገን ነው። በ1941 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቻርልስ ሃጊንስ፣ ካንሰሩ ተሰራጭቶ አጥንታቸው ድረስ የዘለቀባቸውን ሕሙማን የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ማውጣት የሚያስገኘውን ውጤት ይፋ አደረገ። ካንሰሩ የወንድ ሆርሞን እየተመገበ እንደሚያድግ ታወቀ፤ በሥቃይ አልጋ ይዘው ከነበሩት መካከል ተነሥተው የሄዱ ነበሩ። ሃጊንስ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይገባዋል። እኔን የሚስበኝ ግን ከድሉ ኋላ የመጣው፣ ብዙም የማይወራለት ምዕራፍ ነው።

ቢላዋ የሚፈራ ሰው ክኒን ይመርጣል። በ1938 እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ዶድስና ባልደረቦቹ የሠሩት ስቲልቤስትሮል የተባለው ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ለዚህ ደረሰ። ርካሽ ነው፤ የወንዱን ሆርሞን ያደርቃል፤ ዕጢውም ይሟሽሻል። ሐኪሞችም ለዓመታት በልበ ሙሉነት አዘዙት። ለመሆኑ ዕጢው ከሟሸሸ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ይህን የፈተሹት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ከ1960 ጀምሮ ሕሙማኑን በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ ለአንዱ በቀን 5 ሚሊግራም ስቲልቤስትሮል፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን፣ ለሌላውም ቀዶ ሕክምና ደረሰው። ከዚያ የሞተውን ሁሉ፣ በምን እንደሞተ ጭምር መዘገቡ። በ1967 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ክኒኑን ከዋጡት መካከል በካንሰር የሞቱት ቀንሰዋል፤ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት ግን በዝተዋል። ካንሰሩ የማረውን ልቡ ጣለው። በሁለተኛው ጥናት 1 ሚሊግራም ካንሰሩን ከ5ቱ ባላነሰ ሲገታ፣ ያ የልብ ሞት መብዛት አልታየበትም። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከኖቤሉ የማያንስ ሥራ ይህ ቆጠራ ነው፤ ሽልማት ግን ለቆጣሪ አይሰጥም።

ምክንያቱም ተደርሶበታል። የተዋጠ ኢስትሮጅን በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ነው፤ ጉበትም ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዝቶ ያመርታል። ሰውነትም ጨውና ውኃ ይቋጥራል።

በ1985 አሜሪካ ውስጥ ሉፕሮላይድ የተባለው መርፌ ሲፈቀድ ብዙዎች እፎይ አሉ። አንጎልን አታሎ የወንዱን ሆርሞን ያለ ቢላዋና ያለ ኢስትሮጅን ያደርቃልና። ይሁንና ሆርሞኑ መድረቁ ራሱ ዋጋ አለው። ይህን ያገሬ ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ፍየሉን የሚያኮላሸው ሙክት ሆኖ እንዲሰባለት አይደለምን? ሰውም ላይ ስቡ ይጨምራል፣ ጡንቻው ይሳሳል፣ ስኳሩ ይዛባል። በ2006 የታተመ፣ ካንሰሩ ገና ከዕጢው አካባቢ ያልራቀባቸውን ከ73,000 በላይ አሜሪካውያን አረጋውያን የተከታተለ ጥናት፣ መርፌውን በሚወስዱት ላይ የስኳርና የልብ በሽታ በዝቶ አገኘ። በ2010 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ።

መርፌውን የሚወስዱ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ካንሰሩ የሚለካበትን የፒ.ኤስ.ኤ. ቁጥራቸውን ከነነጥቡ በቃላቸው ይነግሩኛል። «ጋሼ፣ ግፊትዎስ ስንት ነው?» ስላቸው «እሱን ማን ጠየቀኝ!» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን ከሕክምናው በፊትም በኋላም መለካት፣ ሲጋራ መተው፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን መራመድና ጡንቻውን ማሠራት አለበት፤ ቀድሞ ልቡን ታሞ ከነበረም ሐኪሙ ሊያውቅ ይገባል። በተለይ ለተሰራጨ ካንሰር የሚታዘዘው አቢራቴሮን ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ክትትሉ ይጠብቃል። መርፌውን በራስ ሥልጣን ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው።

ለልብ የሚሻለው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ክርክሩ አላበቃም። በ2020 ሬሉጎሊክስ የተባለው ክኒን ከሉፕሮላይድ ጋር ሲነጻጸር ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ የደረሰው በ2.9 ከመቶው ላይ ሲሆን፣ በመርፌው በኩል 6.2 ከመቶ ነበር፤ ጥናቱ ግን በዋናነት ለዚህ የታቀደ አልነበረም። ዴጋሬሊክስ የተባለውን የክኒኑን የቅርብ ዘመድ ከሉፕሮላይድ ጋር በልብ ጉዳይ ያፋጠጠውና በ2021 የታተመው ሌላ ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ እሱም ቢሆን በቂ ሰው ሳያገኝ ቀድሞ ቆሟል።

የሚገርመው የኢስትሮጅን መመለስ ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሆርሞኑን ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ሰጡት፤ በቆዳ የገባ ኢስትሮጅን ጉበትን ቀድሞ አያገኘውም። በ2021 ባወጡት፣ 1,694 ወንዶችን ባቀፈው ዘገባ፣ በልብና በደም ሥር አደጋ ረገድ ፕላስተሩና መርፌው ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ።